ቲቸር ጠጅ ቤት የገባበት ምክንያት

 

ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ሳምንት ሦስት ጠጅ ቤት ስገባና ስወጣ ያያችሁኝ አላችሁ። «ቲቸር ጀመረ እንዴ?» የሚለው ወሬ እኔ ቤት ሳልደርስ እናቴ ጆሮ ገብቶ ጠበቀኝ። ስለዚህ ስሜን ማጽዳት አለብኝ። ሁለተኛውን ምክንያት መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በመስቀል ነው።

መስቀል በእኛ አገር ምን እንደሆነ ለምታውቁት አልነግራችሁም። መርካቶ ያለው፣ አዳማ ያለው፣ ሐዋሳ ያለው ሱቁን ዘግቶ አገሩ ይገባል። ክትፎው ከተበላ በኋላ የቤተሰብ ጉዳይ ይነሳል። መሬት፣ ጋብቻ፣ ዕዳ፣ የቆየ ቅያሜ፣ ሁሉም የሚያልቀው ያን ሰሞን ነው። ዘንድሮ በእኛ ቤት የተነሳው የአባዬ ጓሮ ነበር።

አባዬ ከእንሰቱ ጀርባ ያለውን ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬት ፍራፍሬ የተከለበት እኔ ሳልወለድ ነው። አሥራ አራት የአቮካዶ ዛፍ፣ ጥቂት ማንጎ፣ አንድ ሎሚ፣ ከሥራቸው ደግሞ ቡና። እኔ ሠላሳዎቹን አጋምሻለሁ፤ አቮካዶዎቹ ታላላቆቼ ናቸው ማለት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ደብተራችንም ጫማችንም የወጣው ከእነሱ ነው። አሁን ግን ድሮ ሰባት ስምንት ጆንያ ይወርድባቸው የነበሩት ዛፎች ካቻምና ሦስት፣ አምና ሁለት ጆንያ ሰጡ።

ታላቅ ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። የእማዬን መድኃኒት በየወሩ የሚገዛው እሱ ነው። «ዛፎቹ አርጅተዋል። ይቆረጡና መሬቱ ይከራይ፤ ጫት የሚተክልበት ሰው አግኝቻለሁ» አለ። የኪራዩንም ዋጋ ተናገረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዋጋውን ስሰማ ደመወዜን አስቤ አፈርኩ። የምመልሰው ስላጣሁ «አንድ ዓመት ስጡኝ» አልኩ። ወንድሜ ሳቀ። እማዬ ግን «ከመስቀል እስከ መስቀል ይቆይ። ከዚያ በኋላ እኔም አልከራከርላችሁም» ብላ ቆረጠችው።

በማግሥቱ ጠዋት ጓሮው ገብቼ ቁጭ አልኩ። ዛፎቹ አብበዋል፤ አርጅተዋል የተባሉት ዛፎች ከላይ እስከ ታች አበባ ናቸው። ታዲያ ፍሬው የት ነው የሚቀረው? አንድ ቅርንጫፍ መረጥኩና ግማሽ ሰዓት ሙሉ የሚመጣውን ነፍሳት ቆጠርኩ። ዝንብ ብዙ። ጉንዳን ብዙ። ንብ ሦስት ብቻ።

ያን ጊዜ አባዬ ትዝ አለኝ። እሱ እያለ ዳር ያለው ዋንዛ ላይ አራት ባህላዊ ቀፎ ተሰቅሎ ነበር። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ቀፎዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ንቦቹ መቼ እንደሄዱ ግን ያስተዋለ የለም። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፣ የዲፕሎማ ብሆንም መምህር ነኝ። ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ፖሊኔሽን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ አበባ እስላለሁ። የአባቴን አበባ ግን ሄጄ አላየሁም።

የአቮካዶ አበባ ደግሞ ከሌላው ለየት ያለ ጠባይ አለው። አንዷ አበባ ሁለት ጊዜ ትከፈታለች። መጀመሪያ ሴት ሆና ትከፈትና ትዘጋለች፤ በማግሥቱ ወንድ ሆና ተከፍታ ብናኟን ትለቃለች። ዛፎቹም ሁለት ወገን ናቸው። የአንደኛው ወገን አበቦች ጠዋት ሴት ሲሆኑ የሌላኛው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ዛፍ ብናኝ አንስቶ በሰዓቱ ለሌላው የሚያደርስ መልእክተኛ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ንብ ጥሩ መልእክተኛ ናት።

እናም ንብ አናቢ ፍለጋ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አንድ የግብርና ባለሙያ ነው። ደረቅ ቅርንጫፉን እንድቆርጥ፣ ሥሩን እንድኮተኩት፣ ፍግ እንዳለብስ ነገረኝ። አደረግኩ። ከዚያ ንብ የሚያረቡ ወጣቶች አገናኙኝ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ሠላሳ ቀፎ ካላስቀመጥን አያዋጣንም አሉ። በእኛ ጓሮ ሠላሳ ቀፎ! እማዬ «ፍየሎቼን ወዴት ላድርጋቸው?» አለች፤ ልክ ነበረች። ሌላ አንድ ሰው በስልክ አገኘሁ። ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀኝ «አጠገብህ ጫት አለ?» ብሎ ነው። «አለ» አልኩት። «በል ደህና ሁን» አለኝና ዘጋው።

ጠጅ ቤት የገባሁት ከዚህ በኋላ ነው። እስቲ አስቡት፤ ማር ከየት እንደሚመጣ ከጠጅ ጣይ በላይ ማን ያውቃል? የመጀመሪያዋ ባለቤት ደንበኛዋን የምነጥቃት መስሏት አልነግርም አለች። ሁለተኛው ቤት ነጋዴ ነው የሚያመጣልን አሉኝ። ሦስተኛው ቤት ያሉት እናት ብርሌ አስቀርበው ጉዳዬን ካዳመጡ በኋላ «ከዘቢዳር በኩል የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ማራቸው ውሃ አያውቀውም። ግን ንባቸውን ለማንም አያምኑም» አሉኝ። ብርሌዋን ጨረስኩ፤ አልክድም። አንድ ብቻ ናት።

ሽማግሌው በሚቀጥለው የገበያ ቀን መጡልኝ። ዛፎቼን ያሳይ ብዬ ቀድሜ ስገባ እሳቸው ዛፎቹን ቀና ብለውም አላዩም። ቀጥታ አጥሩ ጋ ሄዱ። በአጥሩ ላይ አሻግረው የጎረቤቶቻችንን ጫት ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከመሬት የሞተች ንብ አነሱና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ምላሷ ወጥቷል።

«መርዝ ነው» አሉኝ። «መቼ ነው የሚረጩት?»

«ጠዋት ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል አይሆንም፣ መምህር። ማን እንደሚረጭ፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ቀን፤ እሱን ሳታውቅ ነው ንብ ስጠኝ የምትለኝ?»

ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ። ውሃ በቅርብ አለ? ከብት የት ነው የሚታሰረው? ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ በየት ያልፋሉ? አንዱንም በደንብ አልመለስኩም። ሲሄዱ ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «እኔ ንቤን ለሞት አላመጣም። መጀመሪያ ጎረቤቶችህን አስማማ፤ ንቡ ቀላል ነው።»

ማታ ወረቀት ይዤ ሒሳብ ሠራሁ። ንብ ምግብ ፍለጋ ሁለት ኪሎ ሜትር መብረር አይከብዳትም። ዙሪያውን ሁለት ኪሎ ሜትር ብትሄድ ከ1,200 ሄክታር በላይ ይሆናል። የእኛ ጓሮ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ንቧ የምትውለው በአብዛኛው በሰው መሬት ላይ ነው ማለት ነው። እኔ እስከዚያን ቀን ንብ አናቢ ካገኘሁ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት እማዬ ቡና አፈላች፤ ቆሎም ቆጮም ቀረበ። የሦስቱን ዋሳኝ የጫት መሬቶች ባለቤቶች ጠራን። ጉዳዬን እንደ ክፍል ውስጥ አስረዳሁ፤ እንዲያውም ትንሽ አበዛሁት። ሐጂ አዳምጠው ሲጨርሱ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ይህ ጫት ሦስት ልጆች ዩኒቨርሲቲ አስገብቶልኛል» አሉ። «የአባትህን ነፍስ ይማረውና፣ የእሱን ንብ አውቀዋለሁ፤ ማሩንም በልቻለሁ። አሁን ግን ትል ሲገባብኝ ንብ አያድነኝም። አልርጭ ነው የምትለኝ?»

«አይርጩ አላልኩም፣ ሐጂ። በምሽት ይረጭ ነው የምለው። ንብ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቷ ትገባለች።»

«የሚረጨው የቀን ሠራተኛ ነው። ጠዋት መጥቶ ይሄዳል። ማታ ና ብለው ዋጋ ይጨምርብኛል። ጭማሪውን አንተ ትከፍላለህ?»

ዝም አልኩ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ያን ጊዜ ከኋላቸው የተቀመጠው የመጨረሻ ልጃቸው ተናገረ። ከአምስት ዓመት በፊት አስተምሬዋለሁ።

«ቲቸር፣ ንብ ብናኝ ታመላልሳለች የሚለውን ፈተና ላይ ጽፌ ልክ አግኝቻለሁ። ግን እኛ ጓሮ ያለችውን ንብ መሆኑን ያኔ አልነገሩንም» አለኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ውስጤን ግን ወጋኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሳልኩት አበባ የማንም ጓሮ አበባ አልነበረም። ልጁ ቀጠለ፤ «የእኛን እኔ ራሴ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እረጫለሁ። ነፋሱም ያን ጊዜ ይረጋል» አለ። ሐጂ ልጃቸውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «እሺ። ላሜን ከነደፈብኝ ግን አንላቀቅም» አሉ።

በዚያ ቡና ላይ የተስማማነው አራት ነገር ነው። ርጭት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። ከመርጨቱ አንድ ቀን በፊት ለእኔ ይደወልልኝ። ከጫቱ ሥር ያበበ አረም ካለ ከርጭቱ በፊት ይታጨድ፤ ንቧን ወደዚያ የሚስባት እሱ ነውና። እኔ ደግሞ ቀፎዎቹን ከከብትና ከልጆች መንገድ አርቄ አስቀምጣለሁ፣ ንጹሕ ውሃም ጠጠር አድርጌበት አቀርባለሁ፤ ንቧ ጠጠሩ ላይ ቆማ እንድትጠጣ፣ ከተረጨ ቅጠል ላይ ጤዛ እንዳትፈልግ።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ አምስት ቀፎ ለማምጣት ተስማሙ። ገንዘብ አልጠየቁም። ማሩ ሁለት እጅ ለእሳቸው፣ ሲሶው ለእኛ። ግን ወዲያው አላመጡም። «አሁን ካመጣኋቸው አደይ አበባውን ያያሉ፣ ያንተን ይረሱታል። የአቮካዶ አበባ ለንብ ያን ያህል አይጥማትም። አበባህ በደንብ ሲከፈት ጥራኝ» አሉ። የባዮሎጂ መጽሐፌ ይህን አልነገረኝም ነበር።

የመጡት በሌሊት ነው። ቀፎ የሚጓጓዘው ንቡ ሁሉ ከገባ በኋላ፣ በሩ በወንፊት ተዘግቶ ነው። ጋሪ ላቀርብ ስል ሽማግሌው ጮኹብኝ፤ ንቡ ቢወጣ አህያዋ ታስራ ታልቃለች። አንድ የድሮ ተማሪዬ በፒክ አፑ ረዳን (ስምህን አልጽፍም፣ ራስህን ታውቃለህ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ)። መቀመጫዎቹን አስተካከልን፤ ጉንዳን እንዳይወጣ እግራቸውን የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቆምን። ሽማግሌው በየቀፎው ጆሯቸውን እየለጠፉ «አውራው ደህና ነው» ይላሉ። እኔም መምህርነቴ አላስቀምጥ ብሎኝ «ጋሼ፣ እኮ ሴት ናት፤ ንግሥት ነው የምንላት» አልኩ። «ወንድም በለው ሴት፣ ቤቱን የያዘው እሱ ነው» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት ደስ ሲል ቆየ። በዚያው ቅርንጫፍ ላይ ቆጠራዬን ደገምኩ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ንቡን መቁጠር አቃተኝ። ሐጂና ልጃቸው ሳይደውሉልኝ የረጩበት ቀን የለም።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ እማዬ ትምህርት ቤት ደወለች። አቋርጬ ሮጥኩ። ከቀፎዎቹ ፊት ያለው መሬት በንብ ተሸፍኗል። ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ በጀርባው ይሽከረከራል። የተረጨው ሦስተኛው ዋሳኝ ላይ ነው። በጣም ተናደድኩ። ቡናችንን ጠጥቶ ቃሉን በላ ብዬ ለጠብ ተነሳሁ። ለካ ባለመሬቱ ማሳውን ካከራየ ቆይቷል። እኛ ቡና ያጠጣነው ባለመሬቱን ነው። መርጫውን በጀርባው የሚያዝለውን ግን አንጠራውም፤ ስሙንም አናውቅም ነበር።

ሽማግሌው መጡ። ቀፎዎቼን ጫኑልኝ ይላሉ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። እሳቸው የሞቱትን በእጃቸው ሰብስበው ኮፍያቸው ውስጥ አደረጉ፤ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «የሚረጨው ልጅ የት ነው? ቡና አፍሉለት» አሉ።

ልጁ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ለሥራ ከሩቅ የመጣ። ፈርቷል። ሽማግሌው ጠርሙሱን እንዲያመጣ ጠየቁትና ለእኔ ሰጡኝ፣ «አንብብልን» ብለው። ማላታይን ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ለንብ መርዛማ እንደሆነ ተጽፏል። ሲረጩ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ጓንት ማድረግ፣ ከተረጨ በኋላ መታጠብ እንደሚያስፈልግም ተጽፏል። ልጁ ሰምቶ ሲጨርስ ቀስ ብሎ «እኔም የረጨሁ ቀን ማታ ማታ ራሴን ያመኛል። ያስመልሰኛል። የፀሐይ ነው ብዬ ነበር» አለ።

እማዬ «ውይ ልጄ!» ብላ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ስለ ንብ ያወራ የለም። ጓንት የት እንደሚገኝ፣ ልብሱን ከምግቡ ለይቶ የት እንደሚያስቀምጥ፣ ያን ሌሊት ምን እንደሚጠጣ ነበር ወሬው። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። አሁን እሱም ይደውልልኛል፤ በምሽት ይረጫል፣ አፉንም ይሸፍናል።

አንዱ ቀፎ አልተረፈም። አራቱ አሉ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ጥቂት ማር ተቆረጠ፤ የእኛ ሲሶ አራት ኪሎ ሆነ። እማዬ ለሦስቱም ዋሳኞችና ለዚያ ልጅ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ላከች። ሐጂ ቀምሰው «ይሄ ማር ግማሹ የእኔ አጥር አበባ ነው፤ ሲሶዬ የታለ?» አሉ አሉ። ልክ ናቸው።

ፍሬውስ? ይኸው ጥር ነው፤ ዛፎቹ ላይ ትንንሽ ፍሬ አለ። ብዙው እንደሚረግፍ አውቃለሁ፤ አቮካዶ ከያዘው አብዛኛውን ይጥላል። ሽማግሌውም «ንብ ያረጀ ዛፍ ወጣት አያደርግም፣ እንዳትታለል» ብለውኛል። ፍጉም መግረዙም የራሱ ድርሻ ይኖረዋል። ስለዚህ ድል አደረግን ብዬ አልጽፍላችሁም። ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ስንት ይሆናል?» አለኝ። «ገና ነው፤ እስከ መስቀል ጠብቅ» አልኩት። «ለማንኛውም የተከራዩን ስልክ አላጠፋሁትም» አለኝ። እኔም የሽማግሌውን ስልክ አላጠፋሁትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክንያት። የድሮ ተማሪዎቼ፣ ያኔ ያልነገርኳችሁን ዛሬ ልንገራችሁ። ያቺ ሰሌዳ ላይ የሳልኳት ንብ የእናንተ ጓሮ ንብ ናት። አባታችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም ተከራያችሁ ጫት፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት የሚረጭ ከሆነ ማታ ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁልኝ፤ በስንት ሰዓት ነው የምትረጨው? አፍህን ትሸፍናለህ ወይ? የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል አንብቡለት። ንብ አናቢ የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ ከዛፉ በፊት አጥሩ ጋ ሂዱ፤ ከአጥሩ ማዶ ማን እንደሚረጭ በስሙ እወቁ። ቡናውን ስታፈሉም መርጫውን የሚሸከመውን ሰው እንዳትረሱ። እኔ ረስቼው አንድ ቀፎ አስከፍሎኛል።

ጠጅ ቤት አየነው ለምትሉም መልሱ ይኸው ነው። አንድ ብርሌ ብቻ ናት።

ደህና ሰንብቱ።